ለፋሲካ የተገዛው ጋን

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ፍሪጁን ስከፍት ወደ በሩ በኩል አላይም። እንቁላል በሚቀመጥበት መደርደሪያ ላይ ከመድኃኒቱ የተረፉ ብልቃጦች አሉ። ልጄ በመጣች ቁጥር ታያቸዋለች። «እማዬ፣ ምን ያደርጉልሻል? ይጣሉ እንጂ» ትለኛለች። እሺ እላታለሁ። በሌላ ጊዜ ስትመጣም እዚያው ታገኛቸዋለች።

ይህን የምጽፈው ቀስ እያልኩ ነው። ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም፤ አንዳንድ ቀን ጥቂት መስመር ጽፌ መነጽሬን አወልቃለሁ። የተቀመጥኩት ስለ ሕመሙና አብረን ስላሳለፍናቸው የመጨረሻ ወራት ልጽፍ ነበር። እሱ ግን አልመጣልኝም። ባለፈው ሳምንት ሰፈሩ ሁሉ መብራት ጠፍቶበት ሲሰነብት የመጣልኝ ሌላ ነገር ነው፤ ገና አዲስ ተጋቢዎች ሳለን፣ በደርግ ጊዜ፣ አራዳ በነበረው ግቢያችን የሆነው።

ግቢያችን ከፒያሳ ወደ ሠራተኛ ሰፈር ከሚያወርደው መንገድ ገባ ብሎ ነበር። አንድ የእንጨት በር፣ አንድ ቧንቧ፣ በቧንቧው ዙሪያ የተነጠፈ ድንጋይ፣ ከዚያ በቆርቆሮ የተከደኑ የጭቃ ቤቶች። ቤቶቹ ተወርሰው ስለነበር ሁላችንም የቀበሌ ተከራዮች ነን። የኛ ክፍል ከበሩ አጠገብ ስለሆነ የሚገባና የሚወጣ ሁሉ በመስኮታችን በኩል ሰላም ሳይለን አያልፍም። ባለቤቴ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበር። ጣቶቹ ጫፍ ላይ ያለው የእርሳስ ጥቁረት በሳሙናም አይለቅም። ሳሙናም በዚያን ጊዜ እንደልብ አልነበረም።

በተጋባን በዓመቱ ነው ስኳር እንዳለበት ያወቅነው። እኔ ስኳር የሀብታምና የሽማግሌ በሽታ ይመስለኝ ነበር። እሱ ግን ቀጭን፣ የሠላሳ ዓመት ሰው ነበር። ውሃ ጠጥቶ አይጠግብም፤ ሱሪው ከወገቡ ይወርዳል፤ ማታ ማታ ዓይኑ ይደክማል። ሐኪም ቤት ከተኛ በኋላ በየማለዳው ኢንሱሊን ይወጋ ጀመር። የመስታወት ሲሪንጁን በትንሿ ድስት የምቀቅለው እኔ ነኝ። መድኃኒቱ ሲመጣ ነው የሚሰጠን፤ ካለቀ ደግሞ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። መድኃኒት ቤት ያለችው ሴት ብልቃጦቹን ስትሰጠኝ እጄን ያዝ አድርጋ፣ «እህት፣ ይህ እንደ ሌላው ክኒን አይደለም። ከሞቀም ይሞታል፣ በረዶ ከሆነም ይሞታል። ከሞተ ደግሞ ውሃ ነው የምትወጊው» አለችኝ። ያ ንግግሯ ከጆሮዬ ጠፍቶ አያውቅም። ውሃ ከወጋሁት ባሌ በጥቂት ቀን ውስጥ ይሞታል ማለት ነው።

እኛ ፍሪጅ አልነበረንም። በግቢው ፍሪጅ የነበራቸው ጋሼ ብቻ ናቸው። ጋሼ የምንላቸው ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን በአሰብ መንገድ የጨረሱ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ልጆቻቸው የተበተኑባቸው ሰው። ፍሪጁን ወደ አገሩ ከሚመለስ ጣሊያን ነው የገዙት። ክፍላቸው ጠባብ ስለሆነ አልጋቸውና ፍሪጁ ተፋጠው ነው የሚያድሩት። የመድኃኒቱን ብልቃጦች በአንድ የወተት ዱቄት ጣሳ አድርጌ ወስጄ ስሰጣቸው፣ ከውሃ ጠርሙሳቸው አጠገብ አስቀመጡልኝና፣ «እንግዲህ ባልሽ ከኔ ጋር ሊኖር ነው» አሉ። ከዚያ ወዲህ ማለዳ ማለዳ ማንኳኳት ሳያስፈልገኝ በራቸውን ገርበብ አድርገው ይጠብቁኛል።

ዝናቡ የጣለው በሁዳዴ ማለቂያ አካባቢ፣ ሆሳዕና ሳይደርስ ነው። ከቀትር በኋላ ሰማዩ ከእንጦጦ በኩል ጠቆረ፤ ንፋሱ አቧራውን፣ ወረቀቱን፣ የተሰጣ ልብስ ሁሉ ይዞ ተነሣ። ቀጥሎ በረዶው መጣ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አንዱ የሌላውን ድምፅ አይሰማም፤ ባለቤቴና እኔ አልጋው ላይ ተቀምጠን በእጅ ነው የተነጋገርነው። በመሐል ከውጭ አንድ ነገር ሲሰነጠቅ ተሰማ፤ ከዚያ ሰማያዊ ብልጭታ በመስኮቱ ገባና አምፖላችን ጠፋ። ዝናቡ ሲያባራ ወጥተን አየን። በመንገዱ ጥግ የነበረው ትልቁ ጽድ ተገንድሶ የመብራቱን እንጨት ይዞት ወድቋል፤ ሽቦው መንገዱ ላይ ተዘርግቷል፤ ከእንጨቱ ላይ የነበረው ትራንስፎርመር ጥቁር ብሎ ይጨሳል። ልጆች በረዶውን በሳህን እያፈሱ ይበላሉ። ማንም አልደነገጠም። ነገ ይመጣል ነው ያልነው።

በማግስቱ አልመጣም። ሊያዩ የመጡት ሠራተኞች ሽቦውን ሰበሰቡ፤ ስለ ትራንስፎርመሩ ስንጠይቃቸው ምትኩ ከውጭ እንደሚጠበቅ ነገሩንና ሄዱ። «ከውጭ» ማለት በዚያን ጊዜ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ስለነበር ሌላ የጠየቀ የለም።

መጀመሪያ መጀመሪያ ደስም ይል ነበር። የአጎራባች ቤቶች ሰዎች ምሽት ላይ አብረው ይቀመጡ ጀመር፤ የአንዱ ፋኖስ ለሁሉም ይበቃል። ጋዝ በቀበሌ ሰልፍ ነው የሚገኘው፤ ክብሪትም እንደዚያው። ስለዚህ ማምሻ ላይ አንዱ ቤት እሳት ከነደደ ሌላው ከዚያ ነው የሚለኩሰው። ባለ ልብስ ስፌቱ ጎረቤታችን ለፋሲካ የተቀበለው ልብስ ተከምሮበት ስለነበር፣ ጋሼ ከድሮ ባልደረባቸው የመኪና ባትሪ ተውሰው መጡና ትንሽ አምፖል አሰሩለት። እሱ ፔዳሉን እየረገጠ ሲሰፋ እኛ ሴቶቹ በዚያው ብርሃን ምስር እንለቅማለን። ባለቤቴ ደግሞ ሰዓት እላፊው ሳይደርስ የግቢውን ሰው ያስቃል። «አብዮቱ ወደ ፊት፣ እኛ ወደ ኩራዝ» ሲል ክንዱን ቆነጠጥኩት። «ቀስ በል፣ ግድግዳውም ይሰማል።» «ይስማ፣ እሱም መብራት የለውም» አለኝ።

ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ገና ሳይነጋጋ፣ ጋሼ ራሳቸው መጥተው በሩን አንኳኩ። ጣሳውን በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

«ፍሪጁ ሞቋል» አሉኝ። «አልከፈትኩትም ነበር፣ ቅዝቃዜው እንዳይወጣ ብዬ። ውሃዬን እንኳ ከቧንቧ ነው ስጠጣ የከረምኩት። ግን ሞቋል።»

ጣሳውን ተቀብዬ ጉንጬ ላይ አደረግሁት። እንደ ሰው ገላ ነው።

«በባትሪው አይሠራም ጋሼ?»

«ያ ባትሪ ፍሪጅ አይጎትትም ልጄ። ሞክሬው ነበር፤ የውስጡን አምፖል አስለቅሶ ቀረ።»

በዚያን ቀን ባለቤቴ ሥራ ሲሄድ ጣሳውን ይዞ ሄደና መብራት ባለበት በላይኛው መንገድ አንድ ቡና ቤት አስቀመጠው። ማታ ሲመለስ ባለ ቡና ቤቱ የዋህ ሰው ስለነበር፣ «ይበልጥ እንዲቀዘቅዝልህ» ብሎ ሁለት ብልቃጦች ከበረዶው ክፍል ከትቷቸው አገኘ። ሁለቱም እንደ ድንጋይ ጠጥረዋል። ቀሪዎቹን ይዞ መጣ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣቸው። መድኃኒት ቤቱ ስሄድ ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች፤ የሰጠችን የዚያ ወር ድርሻ ነው፣ ሌላ የለም። እስኪመጣ ያለውን ጠብቁት አለችኝ።

ወሬው ከቧንቧው ዘንድ ደረሰ፤ በግቢያችን ወሬ የሚደርሰው እዚያ ነው። የባለ ልብስ ስፌቱ ሚስት ባልዲዋን አስቀምጣ ሰማችኝ። ከትግራይ የመጣች ናት፤ ስታዝንልኝ «ሓፍተይ» ነው የምትለኝ፣ እህቴ ማለቷ ነው።

«ሓፍተይ፣ በኛ አገር በበጋ ውሃ የምናቀዘቅዘው በሸክላ ነው» አለችኝ። «አዲስ ሸክላ ከሆነ ያልበዋል። ንፋስ ሲያገኘው ውስጡ እንደ ምንጭ ይሆናል። ግን አዲስ መሆን አለበት፣ ያልተሟሸ። ጣሳሽ የሚገባበት አፉ ሰፊ የሆነ ከየት ይገኛል?»

አፉ ሰፊ የሆነ፣ አዲስ፣ ያልተሟሸ ሸክላ በግቢው የት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። እማማ ቤት ነው።

እማማ የግቢው እናት ነበሩ። የወለዱት የለም፤ በዕድሜም ሁላችንንም ይበልጡ ነበር። ጠላቸው በማኅበርተኛው ሁሉ የታወቀ ነው። አሮጌው ጋናቸው ክረምቱን ተሰንጥቆባቸው፣ ለፋሲካ ብለው አዲስ ጋን ገዝተው በሸክም አስመጥተዋል። ከመጣ ጀምሮ ነጠላ ሸፍነውበት በጓዳቸው ቆሟል። የግቢው ሰው ሁሉ የፋሲካ ጠላ ከዚያ ጋን እንደሚቀዳ ነው የሚያውቀው። እኔ ልጠይቃቸው አልደፈርኩም። ጋሼ ናቸው የጠየቁልኝ፣ በሚያውቁት መንገድ።

«እማማ፣ ጋንዎ ሥራ ፈቶ ቆሟል ይባላል።»

«ያንተ ፍሪጅ ነው እንጂ ሥራ የፈታው።»

«እሱማ ሞቷል፤ ለዚያ ነው የመጣሁት። አንድ ሰው በጋንዎ ላስገባ ነው።»

«ማንን? አንተን? አትበቃኝም።»

ጋሼ ነገሩን አስረዷቸው። እማማ ሳይቀልዱ ሰሙ። ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ «አንቺስ ምን ሆነሽ ነው አፍሽን ይዘሽ የቆምሽው? ነገ ማለዳ አምጭው» አሉኝ። «ጠላው ለሚቀጥለው ፋሲካ ይደርሳል።»

ጋሼና ባለ ልብስ ስፌቱ ያን ማታ ከእማማ ቤት ጀርባ፣ ፀሐይ በማይደርስበት ከግንቡ ሥር ጉድጓድ ቆፈሩ። አሸዋ ከመንገድ ሥራ አጠገብ በባልዲ ተጋዘ። ጋኑ እስከ ወገቡ ይቀበራል፣ ከውስጡ አሸዋ ይደረጋል፣ አሸዋው ይረጥባል፣ ጣሳው በላዩ ይቀመጣል። የባለ ልብስ ስፌቱ ሚስት ነች ሁሉንም የነገረችን።

በማግስቱ ማለዳ ጣሳውን ይዤ ከባለቤቴና ከባለ ልብስ ስፌቱ ሚስት ጋር ስሄድ ከሩቅ ሸተተኝ። የወይራ ጭስ። እማማ ደጃፋቸው ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጋኑ በፊታቸው ተደፍቷል፤ ከሥሩ የወይራ ፍልጥ ይጨሳል። ዓይናቸው በጭስ ቀልቷል። እጃቸው እስከ ክንዳቸው ዘይት ነው።

«ና፣ ደርሷል» አሉ ለባለቤቴ። «ማለዳ ተነሥቼ በግራዋ አጠብኩት። የቀበሌውን ዘይት አጠጣሁት፤ አንዲት ቀዳዳ አልቀረችውም። አሁን አጠንኩት። ያልተሟሸ ጋን ውስጥ ጠላ እንኳ አይደረግም፤ ያንተን ነፍስ ላደርግ ነው እንዴ?»

የባለ ልብስ ስፌቱ ሚስት እጇን በጋኑ ላይ አሳረፈችና መለሰች። ይፋጃል። ቀና ብላ አየችኝ። እኔም ገባኝ። ሸክላውን የሚያቀዘቅዘው ላቡ ነው፤ ላቡ የሚወጣባቸውን ቀዳዳዎች ደግሞ እማማ ከወር ድርሻቸው ዘይት አንዲት ሳያስቀሩ ደፍነዋቸዋል። ሊነግራቸው የደፈረ አልነበረም። ባለቤቴ ነው የተናገረው፤ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ስሞ፣ «እማማ፣ እንዲህ የታጠነ ጋን አይቼ አላውቅም» አለ። በኋላ ግን ለምን ሁላችንም ዝም እንዳልን ጠይቀው ሰሙ። ቀኑን ሙሉ ከቤት አልወጡም።

መላውን ያመጡት ጋሼ ናቸው። «ሞተር ሲግል ምን ይደረጋል? ጆንያ ረጥቦ ይጣልበታል» አሉ። ጋኑ እስኪበርድ ተጠብቆ ተቀበረ፤ ከመሬት በላይ ያለው በጆንያ ተጠቀለለ፤ ጆንያው ረጠበ። ጋኑ ራሱ አያልበውም፤ ስለዚህ ላቡን እኛ ልንሰጠው ነው። ጆንያው በደረቀ ቁጥር ሰው ውሃ ካፈሰሰበት ውስጡ ይቀዘቅዛል። ካልፈሰሰበት ይሞቃል። እኔም ባለቤቴም ቀን ሥራ ነን፤ እኔ በዚያን ጊዜ አራት ኪሎ አካባቢ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ።

በግቢው ማንም ተራ አላወጣም፣ ማንም አልተመደበም። ቧንቧው አጠገብ አንድ ጣሳ ተቀመጠ፤ ውሃ ሊቀዳ የመጣ ሁሉ መጀመሪያ አንድ ጣሳ ለጋኑ ያደርሳል፣ ከዚያ የራሱን ይቀዳል። ልብስ ሊያስለኩ የሚመጡ ደንበኞች ሳይቀሩ ባለ ልብስ ስፌቱ፣ «መጀመሪያ ጋኑን አጠጡ፣ ከዚያ እለካችኋለሁ» ይላቸዋል። ለምን እንደሆነ ያልገባቸው ስእለት ይመስላቸው ነበር፤ አንዲት ሴትዮ አማትባ ስታፈስ አይቻለሁ። ጋሼ እያለፉ፣ «ይህን ጋን ቀበሌ ይመዝግበው፤ ከኔ ይልቅ ራሱን የቻለ አባወራ ሆኗል» ይላሉ። ባለቤቴም፣ «ጓድ ጋን እንዴት አደሩ?» ሳይል አያልፍም። እኔ ከሥራ ስመለስ ልብሴን ሳልቀይር ሄጄ እጄን በአፉ አስገብቼ ጣሳውን በጉንጬ አደርገዋለሁ። ቀዝቃዛ ነው። እንደ ፍሪጁ አይደለም፤ ግን ቀዝቃዛ ነው። ጉንጬ ወይራ ይሸታል።

እማማ ግን ፊታቸው አልተፈታም። ማለዳ ማለዳ መርፌውን ከወጋሁት በኋላ ይመጡና ባለቤቴን ከላይ እስከ ታች ያዩታል። ምን እንደሚያዩ አውቃለሁ፤ እኔም የማየው እሱኑ ነው። ውሃ ስንት ጊዜ ይጠጣል? ሌሊት ይነሣል ወይ? መድኃኒቱ ከሞተ የሚታወቀው በጥሙ ነው። በእነዚያ ቀናት ደግሞ ፀሐዩ ከበረዶው በኋላ ጨክኖ ነበር፤ ሰው ሁሉ ይጠማዋል። ባለቤቴም አብዝቶ መጠጣት ጀመረ። «ሙቀቱ ነው» ይለኛል። ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንሥቼ አየዋለሁ፤ መርጋት፣ መቋጠር የለበትም፤ ግን ምን ይታየኛል? አንድ ማለዳ እማማ ከቧንቧው ዘንድ እጄን ይዘው፣ «እኔ ነኝ የደፈንኩት» አሉኝ። «ተሳስቻለሁ አልልም፣ ለሌላ ቢሆን እንደዚያው አደርገዋለሁ። ግን አንድ ነገር ቢሆን እኔ ነኝ።» ውሃዬን መቅዳት ቀጠልኩ።

ስቅለት ዓርብ ደረሰ። ባለቤቴን የንስሐ አባታችን ከጾምም ከስግደትም ነፃ አድርገውታል። በልቶ፣ መርፌውን ተወግቶ፣ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ጥቂት ቆሞ እንዲመለስ ነው የተነጋገርነው። እኔ በዚያን ቀን ቤት ቀርቼ የፋሲካውን ሽንኩርት እከትፍ ነበር። ቀትር ሆነ፣ አልመጣም። ከቀትር አለፈ። በሩን እየከፈትኩ አያለሁ። ፀሐይ ሊያዘቀዝቅ ሲል ጋሼና ባለ ልብስ ስፌቱ በግራና በቀኝ ደግፈውት በግቢው በር ገቡ።

ፊቱ ነጭ ነው። ሸሚዙ በላብ ከገላው ተጣብቋል። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ጥርሱም። ግንባሩ ላይ የስግደት አቧራ አለ።

«ሰገደ» አሉኝ ጋሼ፣ ልጅ የሚከሱ ይመስል። «እኔ ሁለቴ ተነሥ አልኩት። አልሰማኝም። እስከ መጨረሻው ሰገደ።»

«ምን ነካህ?» አልኩት።

«ግቢው ሁሉ ውሃ ሲያፈስልኝ ከርሞ...» አለና ትንፋሹን ሰበሰበ። «እኔ ቆሜ ልይ?»

እማማ ከቤታቸው ወጥተው መጡ። ሲያዩት አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «ሞተብን» አሉ ቀስ ብለው። «መድኃኒቱ ሞተብን።»

እኔ ግን በዚያን ጊዜ ነው የነቃሁት። ላቡን አየሁ፣ መንቀጥቀጡን አየሁ። ሐኪም ቤት ሳለ ነርሷ በደንብ አስተምራኛለች፤ ስኳር ሲበዛ ይጠማዋል፣ ሲያንስ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል። ሲያንስበት ደግሞ መድኃኒቱ ስለሠራ ነው፤ የሞተ መድኃኒት ስኳር አያወርድም።

«አልሞተም እማማ» አልኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። «ሠርቷል። ስለሠራ ነው እንዲህ የሆነው። ምሳውን ስላልበላ ነው። ስኳር፣ ጣፋጭ ነገር፣ ቶሎ።»

«እንዲህ ነው እንዴ የሚሠራው?» አሉ እማማ። «ሰው እየጣለ?»

ወደ ቤታቸው ሮጡ። እማማ ሲሮጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ለጠጅ ያስቀመጡት ማር ነበራቸው፤ በጽዋ በጥብጠው አመጡ። እሳቸው አክፍሎት ላይ ነበሩ፤ ከሐሙስ ማታ ጀምሮ እህልም ውሃም በአፋቸው አልዞረም። ጽዋውን ወደ ከንፈራቸው አስጠጉና መጣፈጡን ለማየት ሊቀምሱ ሲሉ አስታወሱና መለሱት።

«እኔ ልቅመስልዎ?» አሉ ጋሼ።

«አንተማ መቼ ጾመህ ታውቃለህ» አሉና ጽዋውን በራሳቸው እጅ ከባለቤቴ አፍ አደረሱት። «ጠጣ ልጄ። ዛሬ ለሌላው ሐሞት ነው፣ ላንተ ማር ነው። ጠጣ።»

ጠጣ። እማማ ከበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አሉ። መንቀጥቀጡ ቀስ በቀስ ሲቆም፣ ፊቱ ሲመለስ፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ አዩት። ከዚያ ነጠላቸውን በፊታቸው ላይ ሳቡ። ያለቀሱ ይመስለኛል፤ በስቅለት ቀን ማን ለምን እንደሚያለቅስ አይጠየቅም። ባለ ልብስ ስፌቱ በዚያ መሐል ከቧንቧው አንድ ጣሳ ቀድቶ ወደ ጋኑ ሲሄድ አየሁት።

ፋሲካን ያለ መብራትና ያለ ጋኑ ጠላ አሳለፍን። እማማ በአንድ እንስራ የጠመቁት ጥቂት ነበር፤ ለአንድ ሰው አንድ ጣሳ ደረሰው፤ ጋሼ፣ «ይህ ጠላ ነው ወይስ የጋኑ ድርሻ የተረፈ ውሃ?» ብለው እማማን አስቀየሙና ሁለተኛ ጣሳ ሳያገኙ ቀሩ። ጧፍ አብርተን ነው የፈሰክነው።

መብራቱ የመጣው ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ፣ ቀትር ላይ ነው። ማንም ባላሰበበት የባለ ልብስ ስፌቱ ሬዲዮ፣ ሳይዘጋ የከረመ ኖሮ፣ በድንገት በጩኸት ማርሽ ጀመረ። ልብስ የሚያስለካው ሰውዬ ደንግጦ እጁን ወደ ላይ አነሣ። ጋሼ ከክፍላቸው ወጥተው፣ «ተነፈሰ፣ ፍሪጁ ተነፈሰ፣ አምጭልኝ ሰውዬውን» አሉኝ። ጣሳውን ከጋኑ አወጣሁ። የቀሩት ብልቃጦች እስከ መጨረሻዋ ሠሩለት፤ አዲሱም የመጨረሻዋ ሳታልቅ መጣ።

ጋኑን እናውጣ ስንላቸው እማማ እምቢ አሉ። «ይቆይ፣ ምን ይታወቃል» አሉ። ቆየ። የገረመኝ ግን ሰው ማፍሰሱን አለመተዉ ነው። ጋኑ ባዶ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ግን ቧንቧው ዘንድ የመጣ ሁሉ እጁ ለምዶ አንድ ጣሳ ውሃ ያፈስለታል። ጆንያው በስብሶ አልቆ፣ ጋኑ አረንጓዴ ለበሰ። እማማ ያረፉ ቀን ባለቤቴ ከቀብር ሲመለስ ጥቁር ልብሱን ሳያወልቅ ወደ ቧንቧው ሄዶ አንድ ጣሳ ቀዳና አፈሰሰበት። ከብዙ ዓመት በኋላ ግቢው ሲፈርስ ጋኑን ሊያወጡት ቆፍረው ተሰበረ።

የወተት ጣሳው ግን አብሮን ኖረ። ፍሪጅ ከገዛንም በኋላ፣ ባለቤቴ እስካረፈበት ቀን ድረስ፣ መድኃኒቱን በሌላ ዕቃ አላስቀምጥም አለ። እሱ ካረፈ ወዲህ ባዶውን ከአልጋዬ ራስጌ አስቀምጬዋለሁ፤ ለእኔ አሁንም ወይራ ይሸተኛል። ልጄ ምንም አይሸትም ትላለች።

ባለፈው ሳምንት መብራቱ በጠፋ በማግስቱ ፍሪጁን ስከፍት ሙቀት ወጣ። የተረፉትን ብልቃጦች አውጥቼ በጣሳው አደረግኋቸው፤ በእርጥብ ፎጣ ጠቀለልኩና በኮንዶሚኒየሙ መተላለፊያ፣ ከበሬ አጠገብ ጥላ ባለበት አስቀመጥኩት። ለማን እንደማቀዘቅዘው ራሴን አልጠየቅሁም። ከዚያ ገብቼ ተኛሁ፤ ረሳሁት። ከሰዓት በኋላ ወጥቼ ስዳስሰው ፎጣው ይንጠባጠባል።

ፊት ለፊቴ የምትኖረው ወጣት ሴት በሯን ከፍታ ወለል ትወለውል ነበር። የገባችው ቅርብ ጊዜ ነው፤ ከሰላምታ ሌላ ተነጋግረን አናውቅም።

«ደርቆ ስላየሁት ነው እማማ» አለችኝ፣ ያጠፋች ይመስል። «ቅቤ መስሎኝ። ሁለቴ አፍስሼበታለሁ።»

ጣሳውን አንሥቼ በጉንጬ አደረግሁት።

«ቀዝቃዛ ነው» አልኳት።